የአባ ፌሮ ትከሻ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር አዳማ ጣቢያ ደርሶ ሲቆም፣ እሳት አንዳጁ ከላይ ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሌላ ጊዜ የሚመጣው የተቀደደ ሱሪውን ሊያሰፋ ነበር። ያን ቀን እጁ ባዶ ነው።

«አባ ፌሮ አረፈ» አለኝ። «ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ነው። ስሞት አዳማ አውርዱኝ ብሎ ነበርና የአዋሽ ሸካሞች ጭነውታል።»

የስፌት መኪናዬን መርፌ ጨርቁ ላይ እንደ ተተከለ ትቼ ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝና መልሼ ተቀመጥኩ። ለዚያ ሰው ልነግረው የሚገባኝ አንድ ቃል ነበረኝ። አዋሽ በባቡር ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ተሳፍሮ በዕለቱ የሚደረስበት ነው። እኔ ግን ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ሙቀቱ በረታ እያልኩ አራት ዓመት አሳለፍኩ። ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሆን ሰበብ አያጣም።

ስሙ ጴጥሮስ ገመዳ ነበር፤ በዚያ ስም የሚጠራው ግን አልነበረም። በንግሥቲቱ ዘመን አዳማ ማለት ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ጥቂት የሣር ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነበር። ከአርሲ በበቅሎና በአህያ የሚወርደው እህልና ቆዳ ጣቢያው አጠገብ ይራገፋል፤ ከዚያ በሰው ትከሻ ወደ ፉርጎ ይገባል። እኔ ከምንጃር ወርጄ ጣቢያው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን የተከልኩ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ አባ ፌሮ ደግሞ የሸካሞቹ አለቃ። ለእሱና ለጓዶቹ ገለባ የተጠቀጠቀባትን የትከሻ መከዳ የምሰፋላቸው እኔ ነኝ፤ ትውውቃችንም በዚያ ነው።

ሸካሚ ሁሉ ሲሸከም ያዜማል፤ ያለ ዜማ እግር አይገጥምም። የእሱ ሰዎች ግን የሚያዜሙት እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነበር። እሱ ከፊት «ፌሮ» ይላል፤ እነሱ ከኋላ «ፌርስ» ይላሉ፤ ከዚያ «ፌርት፣ ፌሪሙስ፣ ፌርቲስ፣ ፌሩንት» እያለ ይሄዳል። ስድስት ቃል፣ ስድስት እርምጃ፣ እንደገና ከ«ፌሮ»። ጭነቱን ፉርጎው ላይ አውርደው ባዶ ትከሻቸውን ሲመለሱ ቃሉ ይለወጣል፤ «ቱሊ፣ ቱሊስቲ፣ ቱሊት፣ ቱሊሙስ፣ ቱሊስቲስ፣ ቱሌሩንት»። ከመካከላቸው የመንዝ ሰው አለ፣ የወሎ ሙስሊም አለ፣ የአርሲ ኦሮሞ አለ፤ አንዱም የሚለውን አያውቅም። ቦጋለ የሚባለውን ጉልበተኛ ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ ብቻ ሸክሙን ያቀለዋል» አለኝ።

ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ከግራሩ ሥር የዜማውን ባለቤት ጠየቅኩት። በዕድሜ ይበልጠኛልና «አንቱ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። «አንቱታ የሚሸከም ትከሻ የለኝም፤ አንተ በለኝ» አለና ሳቀ። ከዚያ በጣቱ አቧራው ላይ እየጻፈ አስረዳኝ። የሮማውያን ቋንቋ፣ ላቲን የሚሉት ነው። «ፌሮ» ማለት እሸከማለሁ ነው፤ ከዚያ ትሸከማለህ፣ ይሸከማል እያለ ይወርዳል። «ቱሊ» ተሸከምኩ ነው። ስለዚህ ጭነት ላለበት «ፌሮ»፣ አውርዶ ለሚመለስ «ቱሊ»።

«ትከሻው ላይ ጭነት ሳለ ቱሊ ያለ ሰው ዋሽቷል» ይል ነበር። ይህ ለሸካሞቹ ሕግ ሆነ። ተሳስቶ ቱሊ ያለ ሰው ሲገኝ ያን ቀን የሁሉንም ውኃ ይቀዳል፤ ቦጋለ ስንት ቀን እንደ ቀዳ እኔ ነኝ የማውቀው።

የግሱ ነገር ሲነሣ አባ ፌሮ ሌላ ሰው ይሆናል። ያ ጆንያ የለመደ ጣት አቧራው ላይ ሲሄድ እንደ ጸሐፊ ጣት ይቀጥናል። «ይህ ግስ ጉደኛ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «‹ፌሮ፣ ፌሬ፣ ቱሊ፣ ላቱም› ብሎ አራት ራስ አለው። ሌላው ግስ ከአንድ ግንድ ይበቅላል፤ የዚህ ግን የዛሬው ከአንድ ግንድ፣ የትናንቱ ከሌላ ነው። ፌሮ የጥንት ቃል ነው፤ ሮማውያንም ግሪኮችም ህንዶችም አባቶቻቸው ሳይለያዩ ይዘውት የነበረ ነው ይሉኝ ነበር መምህሬ። ቱሊ ማንሣት ከሚለው ከሌላ ግስ መጥቶ የተጠጋ ነው። ላቱምን ብታየው ደግሞ ማንንም አይመስልም፤ ግን የቱሊ የእናት ልጅ ነው። በዘመን ብዛት ከፊቱ አንድ ፊደል ስለ ጣለ ወንድሙ እንኳ አያውቀውም።»

«ፍቺው መሸከም ብቻ ነው?» አልኩት።

«መሸከም ነው፣ ማምጣት ነው፣ መቻል ነው። ዛፍ ሲያፈራም በዚሁ ነው። ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣም በዚሁ ነው» አለና ጣቱን ከአቧራው አንሥቶ አራገፈው።

እንዲህ ያለ ሰው ለምን ሸካሚ ሆነ ብሎ የሚገረም እኔ ብቻ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ ነጭ ቄስ ከባቡሩ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው አየር ሲቀበሉ ዜማውን ሰሙት። ባርኔጣቸውን ሳያነሡ ወረዱና አባ ፌሮን በዚያው ቋንቋ ያናግሩት ጀመር። እሱም ጆንያውን እንደ ተሸከመ በአጭሩ መለሰላቸው። ቄሱ እጁን ይዘው ለመኑት፤ ወደ ባቡሩ እያሳዩ ና እንሂድ የሚሉት መሰለኝ። ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ኋላ ምን አልካቸው ብዬ ብጠይቀው፣ «ጭነት አለብኝ አልኳቸው» አለኝ።

የእኛም መርጌታ ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን ጧፍ ሊቀበሉ መጥተው ሰምተዋል። እሳቸው ግን ተቆጡ። «በደብሬ አፋፍ የሮማ ቅዳሴ ይዜማል እንዴ?» አሉ። አባ ፌሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ቅዳሴ አይደለም መርጌታ፣ ግስ ነው። በግእዝ እንዴት እንደሚባል ቢነግሩን እሱንም እንላለን» አላቸው። መርጌታው እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግስ ሲባል ግን አላስቻላቸውም። «ጾረ» አሉ፤ «ጾረ፣ ይጸውር፣ ይጹር»። ከዚያ ወዲህ ጧፍ ባይላክላቸውም ብቅ ይሉ ነበር። ሁለቱ ከግራሩ ሥር ግስ ሲያወርዱ አንዱ ሌላውን መናፍቅ ማለቱን ይረሳዋል።

ሌላም አመል ነበረው። ከተማው ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ዘመድ ያለው ይሁን መንገደኛ፣ ከቃሬዛው ሥር ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ሌላው ሰው ይተካካል፤ እሱ «ገና ነኝ» ይልና እስከ መቃብሩ ይዘልቃል። ምክንያቱን የነገረኝ ከተዋወቅን በሦስተኛው ዓመት፣ የተቀደደ መከዳውን ስጠግንለት ነው።

በክፉ ቀን ጊዜ፣ ከብቱ አልቆ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ፣ አባቱ ኦቦ ገመዳ ሕፃኑ እንኳ ይትረፍ ብለው ለሚሲዮኖች ሰጡት። ከአቦምሳ በላይ ካለው መንደራቸው ወደ ሐረር ወሰዱት። እዚያ አደገ፣ ላቲን ተማረ። ቄስ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እናትህ ታማለች፣ ስምህን ትጠራለች የሚል መልእክት ደረሰው። የሚሲዮኑ አለቃ በዓሉ እስኪያልፍ ስድስት ቀን ታገሥ አሉት። የተማረው መታዘዝ ነው፤ ታገሠ። መንደሩ ሲደርስ እናቱ ተቀብራ አፈሩ ደርቋል።

አባቱ መቃብሩ አጠገብ ቆመው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እናትህን ያልተሸከመ ትከሻ እኔንም አይሸከመኝ» አሉት። በዚያ አገር የአባት ቃል መሬት አይወድቅም። ራሳቸው ካላነሡት በቀር ልጅ ደጃቸውን አይረግጥም፤ ከቃሬዛቸውም ሥር አይገባም። ወደ ሚሲዮኑም አልተመለሰም። ሐዲዱ ሲዘረጋ ብረት ተሸከመ፤ ሐዲዱ አዳማ ሲደርስ እሱም አብሮ ደረሰ።

«ያን ስድስት ቀን ምን ስሠራ እንደ ሰነበትኩ ታውቃለህ?» አለኝ። «ለታናናሾቹ ይህን ግስ አስተምር ነበር። የእናቴ ነፍስ ስትወጣ እኔ እሸከማለሁ፣ ትሸከማለህ እያልኩ ነው። ከዚያ ወዲህ በአፌ ብቻ ልለው አፈርኩ።»

እንግዲህ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቱ ሳይሞቱ ያን ቃል እንዲያነሡለትና ቀናቸው ሲደርስ እንዲሸከማቸው። ከአቦምሳ በኩል የሚወርደውን ነጋዴ ሁሉ «ኦቦ ገመዳ አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ ደኅና ናቸው» ያሉት ቀን የሁለት ሰው ጭነት ብቻውን ያነሣል።

የመጡት አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። አንድ ጎልማሳ በቅሎ እየሳበ ከግራሩ ሥር ቆመና ወደ በረንዳዬ መጣ። ስሙ ቱፋ ነው፤ ጎረቤቱ የሆኑትን ሽማግሌ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሊወስድ ነው። «መራመድ አይችሉም፤ ዓይናቸውም አያይም። እስከ ባቡሩ የሚሸከምልኝ ሰው አገኛለሁ?» አለኝ። በበቅሎዋ ላይ ሆዳቸው ያበጠ፣ ዓይናቸውን ነጭ የሸፈነው ሽማግሌ ጎብጠው ተቀምጠዋል።

አባ ፌሮ አንድ ጆንያ ገብስ ተሸክሞ ሐዲዱን እየተሻገረ ነበር። ዞር ብሎ አየ። ጆንያው ከትከሻው ወርዶ ፈነዳ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጭነት ሲጥል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አባቴ ናቸው» አለኝ ወደ በረንዳዬ ሮጦ መጥቶ። ቱፋ ወደ በቅሎዋ ተመልሷል። «ላናግራቸው?»

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ራሴን ብልህ አድርጌ የማይ ሰው ነበርኩ። ልብስ ሲሰፋ የሚውል ሰው ወሬው ሁሉ በጆሮው ያልፋልና ዓለምን ያወቀ ይመስለዋል። «ተው» አልኩት። «ድምፅህን ከሰሙ ትከሻህ ላይ አይወጡም፤ ባቡሩ ያመልጣቸዋል፣ ሐኪሙም ይቀራል። ዝም ብለህ ተሸከማቸው። ድነው ሲመለሱ ታናግራቸዋለህ።»

«ያለ ዜማ?» አለኝ።

«ያለ ዜማ።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወደ ጓዶቹ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ባቡሩ ሲቆም አባቱ ፊት ተንበረከከ፤ ቱፋ ደግፎ ጀርባው ላይ አሳዘላቸው። ቱፋ ወደዚያ መንደር የገባው ልጁ ከተባረረ በኋላ ስለሆነ አያውቀውም። ሽማግሌው እጃቸውን አንገቱ ላይ ጠምጥመው አገጫቸውን እኔ በሰፋኋት መከዳ ላይ አሳረፉ። ከግራሩ እስከ ባቡሩ ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሸካሞቹ የየራሳቸውን ጭነት ይዘው ከኋላ ተከተሉ። እግራቸው አልገጥም ብሎ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ሽማግሌው በኦሮምኛ። የመለሰላቸው የለም። ጥቂት ሄዱና፣ «ኢልማ ኮ፣ አንተ ማን ነህ?» አሉ። «ኢልማ ኮ» ልጄ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ማንንም ጎልማሳ እንዲያ ይላል። አባ ፌሮ ጥርሱን ነክሶ መራመዱን ቀጠለ። ሲያስቀምጣቸውም ቶሎ አልለቀቁትም፤ ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ መከዳዋን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር።

ባቡሩ ሲርቅ አባ ፌሮ ሐዲዱ መሐል ቆሞ «ቱሊ» አለ። እንዲያ የበራ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የፈሰሰውን ገብስ እየለቀመ ይስቃል፤ «ተሸከምኳቸው እኮ» እያለ በየተራ አቀፈን። እኔም ኮራሁ። ያን ምክር የሰጠ ምላስ ይባረክ ብዬ ራሴን መረቅሁ።

በአሥረኛው ቀን ቱፋ ብቻውን ከባቡር ወረደ። በእጁ የሽማግሌውን ምርኩዝ ይዟል። በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ውኃ ጠጣና አጠገቤ የቆመውን ሰው አወቀው። «የተሸከምካቸው አንተ ነህ። እግዜር ይስጥህ» አለው። «ሽማግሌው አረፉ።»

ቱፋ ቀጠለ።

«ለሐኪም ብለው አልነበረም የወጡት፤ መሞታቸውን አውቀውታል። በአዳማ ካልሆነ አልሄድም ሲሉኝ አልገባኝም ነበር። የነገሩኝ ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ነው። አንድ ልጅ አላቸው አሉ፤ አዳማ ጣቢያ ሸካሞችን በባዕድ ቋንቋ ያስዘፍናል ብሎ ገበያተኛ ነግሯቸዋል። ዓይኔ ባያይ ጆሮዬ ይሰማል፤ ዘፈኑን ስሰማ እጠራዋለሁ፣ የተናገርኩትንም አነሣለታለሁ ብለው ነበር። ጣቢያው ጭር አለባቸው። ‹ዘፈኑ የለም፤ ልጄ ሞቷል ማለት ነው› አሉኝ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን አረፉ፤ እዚያው ቀበርናቸው።»

«ለምን አልጠየቁም?» አልኩ።

«እኔም ብያቸዋለሁ። ‹ደጄን እንዳይረግጥ ያደረግሁ ሰው፣ በምን ፊቴ ልጄ የት አለ ብዬ ልጠይቅ› አሉ።»

አባ ፌሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ማን ተሸከማቸው?»

«አላውቃቸውም» አለ ቱፋ። «ከዚያው የተገኙ ሰዎች ናቸው።»

ያን ዕለት ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ፣ መኪናዬን አንሥቶ ሐዲዱ ላይ ቢፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። አንድ ቃል አልወቀሰኝም። ቱፋ ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አንተ አስበህልኝ ነው» አለኝ። እኔ ግን ይቅር በለኝ ማለት አቃተኝ። ነገ እለዋለሁ ብዬ ያን ቀን አሳለፍኩት፤ ነገም እንደዚያው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ግሱን ከአፉ አልሰማሁትም። ሸካሞቹ እሱ ካልጀመረ አንጀምርም ብለው የአጨዳ ዘፈን ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ክረምቱ እንዳለፈ አዋሽ ሥራ አለ ብሎ ተነሣ። አዲስ መከዳ ሰፍቼ ሰጠሁት። ጭነት ከማንሣቱ በፊት በሁለት ጣቱ ነካ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ ሰላምታ የሚሰጠው ይመስላል። መከዳዋንም እንዲያ ነካ አደረጋት። ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ደርሳ ነበር፤ ባቡሩ ፊሽካ ነፋና ተሳፈረ።

እና ያን ቅዳሜ ሦስተኛው ፉርጎ ሲከፈት በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከራሱ ሥር ያችን መከዳ አድርገውለታል። በአንድ ጎኗ ገለባዋ ወጥቷል፤ ስፌቱ ግን አልተፈታም። እነ ቦጋለ ቃሬዛ አመጡ። ከመቀስ የከበደ ነገር ተሸክሜ የማላውቅ ሰው ከፊት በቀኝ በኩል ገባሁ።

«ይተዉ ጋሼ፣ ይከብድዎታል፤ እኛ እንተካካለን» አለኝ ቦጋለ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

መቃብሩ የተቆፈረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገደኛ የሚቀበርበት ቦታ ነው። የሮማ ሃይማኖት ሰው ነውና መርጌታው በደብራቸው ግቢ ሊያስቀብሩት አልቻሉም፤ ራሳቸው ግን ከኋላ ቆመው በለሆሳስ ይደግሙ ነበር። ቃሬዛው ተነሣ፤ የሚራመድ ግን ጠፋ። ያለ ዜማ እግር አይገጥምም፤ ዜማውን የሚጀምረው ደግሞ ትከሻችን ላይ ነው። ሁሉም ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ፌሮ» አልኩ።

«ፌርስ» አሉ ከኋላዬ።

እስከ መቃብሩ ድረስ አልተቋረጠም። ትከሻዬ ተልጦ ደም ሸሚዜን ሲያርሰው ይሰማኝ ነበር፤ አልቀየርኩም። መርጌታውም አልተቆጡም።

አፈሩን አልብሰነው ስንመለስ ሰዎቹ ጥቂት እርምጃ ሄዱና ቆም ብለው አዩኝ። «በሉ እንጂ ጋሼ» አለ ቦጋለ ቀስ ብሎ። «አውርደን የለም እንዴ? ቱሊ ይበሉ።»

እናንተ በሉት፣ እኔ ገና ነኝ አልኳቸው። እነሱ እያሉት ወደ ጣቢያው ሄዱ፤ እኔ አፌን ዘግቼ ከኋላቸው ተከተልኩ።